ጎረቤቴ ያልኩሽ እኔ ነኝ

ደባት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም እፀገነት
አማን፣ ዮርዳኖስ

የእናቴ የአጎት ልጅ ብትሆኚም ከአንድ ሆድ እንደወጣን የማይሽ እታለም፣ በሰው አገር ጤናሽ እንደምን ይዞሻል? የስደተኛ ጠባቂ እመብርሃን ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኛ በደጋው ብርድ ብንኮማተርም ቆመን እንሄዳለን። አበቡ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የላክሽላትን ሹራብ ለገና ካልሆነ አለብስም ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

ሰውአገኝም ከሳንጃ የሰሊጥ አጨዳ ህዳር መጨረሻ ላይ ተመልሷል። ሦስት ወር ሙሉ ነው የቆየ። ቆላው አክስቶታል፣ ፀሐዩም አጥቁሮታል፤ ሌላው ሸጋ ነው።

ወረቀት መጻፌ አይግረምሽ። ስልካችን አንድ ነው፤ እሱም ሰውአገኝ ኪስ ውስጥ ይውላል። ስንደውልልሽ ደግሞ አማቴ እትዬ አየለች ከጎኔ አትጠፋም። የምነግርሽ የሴት ነገር ነው። ጎንደር ያለችው የአክስቴ ልጅ ፀደይ ወደ አማን የሚመለሱ ልጆች ስለምታውቅ በእሷ በኩል ልኬልሻለሁ።

ነገሩ የእኔ አይደለም። አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ከእምብርቷ በታች፣ በሴትነቷ፣ ያሳክካታል። ማሳከክ ብቻ ቢሆን ባልተናገረች። ሽንቷን ስትሸና እንደ በርበሬ ያቃጥላታል፤ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገርም ይወጣታል። ሽታ የለውም። ባሏ ከሩቅ ሥራ በተመለሰ ሰሞን ነው የጀመራት። ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ ካርድ የምታወጣዋ የባሏ እህት ናት። አንቺ አሮጊት ስለምታስታምሚ መድኃኒት ከቤትሽ አይጠፋም፤ ጠንከር ያለውን ላኪላት። ለሰው ግን አታንሺው፤ በስልክም ቢሆን።

ለገና በሰላም ያድርስሽ።

ታናሽሽ የትነበርሽ


አማን፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየትነበርሽ እህቴ

ደብዳቤሽ በአንዲት የአዘዞ ልጅ ቦርሳ ተጉዞ ለጥምቀት ማግስት ደረሰኝ። የአገር ቤት ጭስ ሸተተኝ መሰለኝ፣ ወረቀቱን ሳልከፍተው ትንሽ ያዝኩት። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፣ የአበቡንም ዕድሜ ያርዝም። እኔ ደህና ነኝ። ማዳሜ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላት፤ አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ ስትቆጣ ዝም እላለሁ፤ ቀኑም ያልፋል።

ለጎረቤትሽ ያልሽውን ልኬያለሁ። ማዳሜ ለጥርሷ ታዞላት የተረፈ አሥራ አምስት ፍሬ ካፕሱል ነው፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ለአምስት ቀን ትዋጠው። እዚህ ሰዉ ለጉሮሮውም ለሆዱም የሚውጠው ይኼንኑ ነው፣ ብርቱ መድኃኒት ነው። አንድ ነገር ግን ንገሪልኝ። ሩቅ አገር ከርሞ የመጣ ወንድ ምን ይዞ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። እስክትድን ከመኝታው ትራቅ። ከዳነችም በኋላ ዓይኗን ትክፈት።

ለመሆኑ የትኛዋ ጎረቤትሽ ናት? ተይው፣ አልጠይቅሽም።

እህትሽ እፀገነት


ደባት፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ሰላምታዬን ባሳጥር ቅር አይበልሽ። አምላክ አንቺን ይጠብቅልኝ። ጎረቤቴ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ካፕሱሉን እንዳልሽኝ ዋጥኩት። በሁለተኛው ቀን ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ ግን የበፊቱን አስመኘኝ። አበጠ፣ ተሰነጠቀ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጭኔ እየተፋተገ ያስለቅሰኛል። ንጽሕና አጥቼ ይሆናል ብዬ በቀን ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ። ሎሚ ያደርቀዋል ሲሉ ሰምቼም ሎሚና ጨው በጥብጬ አደረግሁበት። ያን ቀን ነጠላዬን ነክሼ ነው የዋልኩ።

ከገና ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልገባሁም። እንዲህ ሆኜ እንዴት እገባለሁ? በሩን ተሳልሜ እመለሳለሁ። የነፍስ አባታችን መምሬ ሙሉሰው ባለፈው እሑድ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ምነው ከደጅ ቀረሽ?» አሉኝ። «አመመኝ አባ» አልኳቸው። ምንሽን ቢሉኝ ኖሮ ምን እመልስ ነበር? አላሉኝም፤ በመስቀላቸው ባርከውኝ አለፉ።

ሰውአገኝን እንዳልሽኝ ራቅሁት። በሳምንቱ ጠየቀኝ።

«ምነው፣ ምን ሆንሽብኝ?»

«ምንም አልሆንኩ።»

«እሺ፣ እኔ ምን ሆንኩ?»

«አንተው ታውቀዋለህ» አልኩት።

እንደዚያ ስለው ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ወንድሙ ወደ አያ ምናለ ቤት ሄደ። ይኸው ሳምንቱ ነው። አበቡ ጠዋት እኔ ዘንድ ትበላለች፣ ከትምህርት ስትመለስ እሱን አይታ ትመጣለች። «አባዬ አንቺን ምን እንዳደረገሽ ጠይቂልኝ አለኝ» ትለኛለች።

ለመጋቢት 20 ሽማግሌ ተቀጥሯል፤ አያ ዳኛው ናቸው የሚቀመጡት። ምን እላለሁ? ታምሜያለሁ ብል ከየት አመጣሽው ይሉኛል። እሱ ነው ያመጣብኝ ብል አላየሁ፣ ምስክር የለኝ። ሐሳቡ እያከሳኝ ነው መሰለኝ ቀሚሴ ሰፍቶኛል። አፌ ይደርቃል፤ በዚህ ብርድ ጣሳ በጣሳ እየጠጣሁ ውኃ አልጠግብም።

እታለም፣ አንድ ነገር በእውነት ንገሪኝ። ያ የፈራሁት በሽታ ነው? እሱ ከሆነ አበቡ ማን አላት?

ቶሎ ጻፊልኝ።

የትነበርሽ


አማን፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለየትነበርሽ

የሰማይ አባት ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ለእኔም ይቅርታውን ይስጠኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ቶሎ ጻፊልኝ ብለሽ ነበር። በየቀኑ ብዕር አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያቱን አሁን አንብቢው።

ማዳሜን ሳል ይዟት ያንኑ ካፕሱል ሐኪም አዘዘላት። ሳሏ ለቀቃት። በሳምንቷ ግን ምግብ አልቀበል አለችኝ። አፏን ከፍቼ ሳይ ምላሷና ጉንጯ ውስጡ ሁሉ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ነጭ ነገር ለብሷል። በጨርቅ ልጠርገው ስል ደማ። በየሳምንቱ የምትመጣውን ነርስ ጠርቼ አሳየኋት።

«ካፕሱሉ ነው ያመጣው» አለችኝ።

«መድኃኒት እንዴት በሽታ ያመጣል?» አልኳት።

አስቀምጣ አስረዳችኝ። ይህ ነጩ ነገር ፈንገስ ነው። በአረብኛ የእርሾ ሕመም የሚሉትም አሉ፤ ዘሩ የእርሾ ዘር ነው። በሁላችንም ገላ ላይ፣ በአፍ፣ በአንጀት፣ በሴት ብልት ጥቂት ጥቂት ይኖራል። አብረውት የሚኖሩ ደግ ተሐዋስያን አሉ፤ እነሱ ናቸው ልክ የሚያስይዙት። ካፕሱሉ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ ክፉውን ሲገድል ደጉንም ይገድላል። ፈንገሱን ግን አይነካውም። ከልካይ ሲያጣ ሜዳውን ይወርሰዋል።

«በሴትስ ብልት እንዲሁ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። እንዲሁ ነው አለችኝ። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ እንደ አይብ ይወጣል፣ ሽታም የለው። የአንቺን ደብዳቤ ያነበበች ነው የመሰለኝ።

«ታዲያ ከባል ነው የሚመጣ?» አልኳት።

ሳቀች። «ወንድ አይታ የማታውቅ መነኩሲትም ይይዛታል» አለችኝ።

እንግዲህ ጥፋቴን ቁጠሪው። ያልተመረመረ ሕመም ላይ የሰው ትራፊ መድኃኒት ላክሁ፤ እሳቱ ላይ ጭራሮ ጨመርኩልሽ። ባልሽንም ሳላየው ከሰስኩት። ይህን ለመጻፍ ነው አሥራ ሁለት ቀን የፈጀሁ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ሳሙናውንም ሎሚውንም ተይ፤ በንጹሕ ውኃ ብቻ ተጣጠቢ፣ ደርቀሽም ልበሺ። ጤና ጣቢያ ሂጂ። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ የፈንገስ የሆነ፣ በብልት የሚገባ እንክብል አለ፣ የሚዋጥም አለ። የትኛው እንደሚሻልሽ አይተው እነሱ ይንገሩሽ፤ ሌላም ሕመም እንዲህ ሊያሳክክ ይችላል ብላኛለችና። ያን የምትፈሪውንም ተመርመሪው። ፍርሃት ደም አይመረምርም።

አንድ ነገር ደግሞ አስደንግጦኛል። ነርሷ፣ ማዳሜን እየደጋገመ የሚይዛት ስኳር በሽታ ስላለባት ነው አለችኝ። እርሾ ሊጥ ውስጥ ጣፋጭ ሲያገኝ እንደሚኮፈሰው ነው። ማዳሜ ስኳሯ ሲወጣ ውኃ አትጠግብም። አንቺም ውኃ አልጠግብም ብለሽኛል። አደራሽን ስኳርሽንም ይዩልሽ።

ሽማግሌ ፊት ይህ ሳይደርስሽ አትቅረቢ። እባክሽ።

በዳይሽ እፀገነት


ደባት፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም እፀገነት

ትንሣኤውን ያሳየን ጌታ ይመስገን። ደብዳቤሽ ሽማግሌ ፊት ከመቅረቤ በፊት አልደረሰኝም። መንገዱ ተዘግቶ ፀደይ እጅ ከርሞ፣ በሰሙነ ሕማማት ነው ያገኘሁት።

መጋቢት 20 ተቀመጥን። አያ ዳኛው መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ።

«ምን በደለሽ?»

«አልበደለኝም።»

«መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ምን ብለን እንፍረድ?»

ወደ ሰውአገኝ ዞሩ። «እኔ የማውቀው የለም» አላቸው። «ቤቴ ገብቼ እንግዳ ሆንኩ እንጂ።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እስከ ሰኔ በየፊናችሁ ቆዩ፣ ከዚያ ቁርጡን እንሰማለን ብለው መርቀው ተነሡ። ስንበተን አማቴ እትዬ አየለች ከኋላዬ፣ «ሌላ ያላየች ሴት ባሏን ከደጁ አታባርርም» ስትል ሰማኋት። እንድሰማት ጮክ አድርጋ ነው ያለችው።

ደብዳቤሽን ሳነበው ቀደድኩት። እውነቴን ነው። ብርቱ መድኃኒት ነው ብለሽኝ በእምነት ነበር የዋጥኩት። ሰውአገኝንም አንቺ ባትይኝ እጠረጥረው ነበር፤ አንቺ ስትይኝ ግን ጥርጣሬዬ እውነት ሆነብኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ቁርጥራጩን ለቀምኩና ገጣጥሜ እንደገና አነበብኩት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ የሰውአገኝ እህት ነበረች። ሰላም ሳትለኝ፣ «ምንሽን ነው?» አለችኝ። ከኋላዬ አምስት ሰው ተሰልፏል። ሆዴን ልል አሰብኩ። «የሴት ሕመም ነው፣ ጻፊው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፈችው።

ያየችኝ ሲስተር ይመኙሽ ትባላለች። ከእኔ ታንሳለች፣ እጇ ግን የእናት ነው። ሎሚውን ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች።

«የተላጠ ገላ ላይ ሎሚ? ምነው እህቴ፣ ራስሽን ምን አድርጎሽ ነው የምትቀጪው?»

መርምራ፣ ፈሳሹንም በማጉያ መሣሪያ አሳይታ፣ ፈንገስ ነው አለችኝ። ክሎትሪማዞል የሚባል እንክብል ሰጠችኝ፤ ለስድስት ቀን ልተኛ ስል ወደ ውስጥ የሚገባ። ሻል ቢለኝም እንዳላቋርጥ፣ የውስጥ ልብሴንም ፀሐይ ላይ እንዳሰጣ ነገረችኝ። «ከማን ነው የመጣብኝ?» አልኳት። ያን ጥያቄ ለማውጣት ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው ያማጥኩት።

«ከማንም። ከራስሽ ገላ ነው» አለችኝ።

ደሜንም መረመሩኝ፤ የፈራሁት የለብኝም። ከዚያ ወጥቼ ግንቡ ሥር ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ስድስቱን ቀን ጨረስኩ። አራት ቀን እንደ ሰው ዋልኩ። በአምስተኛው ማሳከኩ ተመለሰ። ወደ ሲስተር ይመኙሽ ስሄድ ውኃ ጥሙን ነገርኳት፤ አንቺ ስላልሽኝ። እህል ሳልቀምስ ነበር የሄድኩት። ጣቴን ወጋችና በትንሽ መሣሪያ አየችው። ሁለተኛም ወጋችኝ። የስኳሬ ቁጥር 386 ነው። ከመቶ በታች መሆን ነበረበት አለችኝ። «ፈንገሱን ስናባርረው ይኼ መልሶ ይጠራዋል። ጎንደር ሆስፒታል ዛሬ ነገ ሳትይ ሂጂ» ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ።

ወረቀቱ ፍራሼ ሥር ካደረ ስምንት ቀኑ ነው። እታለም፣ ስኳር የከተማ ሀብታም በሽታ አይደል? እኔ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣ። ደግሞ ብቻዬን እንዴት ልሂድ? ባልሽስ የት አለ ሲሉኝ ምን ልበል?

አንድ ነገር ለምናኛለች ብለሽ ቁጠሪልኝ። መድኃኒት አልጠይቅሽም፣ ልብስም አልጠይቅሽም። ለሰውአገኝ ደውለሽ አንቺ ንገሪው። የእኔ አፍ አልፈታ አለ።

የትነበርሽ


አማን፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

የትነበርሽ፣

አልደውልለትም። አትቀየሚኝ። አንድ ጊዜ በማላውቀው ነገር በመካከላችሁ ገብቼ ያደረግሁትን አይተሻል።

ግን እኔ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ይህ ሕመም እኔንም ይዞኝ ነበር። አማን በመጣሁ በዓመቴ፣ የመጀመሪያዋ ቤት እያለሁ። ለሴትዮዋ ብነግራት ሳህኔን ከሳህናቸው ለየችው። ልብሴን በእጄ ለብቻ እንዳጥብ፣ ልጆቿን እንዳልነካ አዘዘችኝ። ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። በራሱ ጊዜ ተወኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ነበርኩ ብዬ ነው የኖርኩ። ጎረቤትሽ ያልሻት አንቺ መሆንሽን በመጀመሪያው ደብዳቤ አውቄ ነበር፤ እኔም እንዲህ ብዬ ነበር የምዋሸው። አውቄ ግን አልጠየቅሁሽም፣ ከጠየቅሁሽ የራሴ ይነሣል ብዬ። ካፕሱል ልኬ ልገላገል ፈለግሁ።

ስኳር ማለት ስኳር ስለበላሽ የሚመጣ አይደለም። ማዳሜ ወፍራም ናት፤ ነርሷ ግን ቀጭን ገበሬም ሕፃንም ይይዛል አለችኝ። ሲቆይ ደግሞ አይታገሥም። ለፀደይ ደውዬ የትነበርሽ ልትታከም ትመጣለች፣ አሳድሪያት ብያታለሁ፤ ምንሽን እንደሆነ አልነገርኳትም። ደብዳቤውን ከእጅ ወደ እጅ እንዲደርስሽ ነገ ለምትበር ልጅ ሰጥቻለሁ።

ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ተነሺ። ሰውአገኝን በአፍሽ ንገሪው፤ ባይሰማሽም ብቻሽን ሂጂ። የአባቶቻችን አምላክ ይቅደምልሽ።

እፀገነት


ደባት፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም እፀገነት

ከሞት ደጅ የመለሰኝ አምላክ አንቺንም በሰላም ያኑርሽ። ዘገየሁብሽ። ፀደይ ደህና ናት ብላ እንደነገረችሽ አውቃለሁ፤ እንዴት ደህና እንደሆንኩ ግን ከእኔ ስሚው።

ደብዳቤሽ ግንቦት 22 ደረሰኝ። ተነሺ ብለሽ ስለጻፍሽ ተነሣሁ። ሰውአገኝ ከላይኛው እርሻ በሬ ጠምዶ ነበር። ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ትንፋሼ አልበቃኝም። ሲያየኝ እርፉን ሳይለቅ ቆመ።

«አበቡ ምን ሆነች?» አለኝ።

«አበቡ ደህና ናት። እኔ ነኝ» አልኩት።

ነገርኩት እታለም። ማሳከኩን፣ ነጩን፣ ሎሚውን፣ ካፕሱሉን። ከሳንጃ ያመጣብኝ መስሎኝ እንደነበር። ከማንም እንዳልመጣ። ስኳሩን። ስናገር የማየው የበሬውን ቀንድ ነበር እንጂ እሱን አልነበረም። ስጨርስ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ሦስት ወር» አለ። «ሦስት ወር የወንድሜ ቤት መሬት ላይ ተኝቼ፣ ምን አጠፋሁ ብዬ ቀኔን አንድ በአንድ ስቆጥር ከረምኩ። ብትጠይቂኝ ምን ነበረ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«መልሱን።»

«አሁንስ ምን ልበልሽ? ከጥርጣሬሽ ያጠራኝ የሐኪም ወረቀት ነው፤ አንቺ አላመንሽኝም።»

እንዲህ ብሎኝም ጎንብሶ በሬዎቹን ፈታቸው። ሰኔ ሊገባ፣ ዝናብ ደርሶ፣ ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳትደርስ በሬ የሚፈታ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከታች ማሳ የሚያርሰው አያ ምናለ፣ «ምነው፣ ምን ሆንክ?» እያለ ይጣራል። «ሚስቴ ታማለች» አለው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሸለቆው ሁሉ የሰማው መሰለኝ።

የዚያኑ ዕለት በማኪና ጎንደር ገባን። ሆስፒታል አስተኙኝ፤ ዘጠኝ ቀን። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ብትቆዪ ራስሽን ትስቺ ነበር አለኝ። ክኒን አይበቃሽም ብለው በመርፌ የሚሰጥ ኢንሱሊን ጀመሩልኝ። ሆዴን ቆንጥጬ ራሴን መውጋት አስተማሩኝ። ነርሷ ለሰውአገኝም አሳየችው። ቤታችን ፍሪጅ እንደሌለ ስንነግራቸው፣ ጠርሙሱ ውኃ በማይገባው ዕቃ ሆኖ፣ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ይቀመጥ አሉን። ሰውአገኝ ሸክላውን መርጦ ገዛ፤ ሦስት አንኳኩቶ መለሰ፣ አራተኛውን ወሰደው።

ለፈንገሱም ሌላ መድኃኒት ሰጡኝ። እየተመላለሰ ስላስቸገረኝ ፍሉኮናዞል የሚባል የሚዋጥ ነው፤ መጀመሪያ ጠንከር ተደርጎ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ወር። በዚህ መካከል እንዳላረግዝ አስጠነቀቁኝ፤ ለፅንስ አይሆንምና። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ሰውአገኝ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን፣ «እኔንስ ሊይዘኝ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። አልፎ አልፎ ወንድንም ያሳክካል፣ ምልክት ካላየህ ግን መድኃኒት አያስፈልግህም አለው። ራሱን ነቀነቀ። እኔ ለስድስት ወር አፌ ያልፈታውን እሱ ቆሞ ጠየቀው።

ከሆስፒታል ስንመለስ ወደ መምሬ ሙሉሰው ሄድኩ። አሁን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተቆጡኝ፤ በሕመሜ አይደለም፣ ደጅ መቅረቴን ነው። «በሽተኛ ከሐኪም ደጅ ይቀራል? ፀበሉንም ጠጪ፣ መርፌውንም ተወጊ፤ ሁለቱም የአንድ ጌታ ነው» አሉኝ። ከሐዋርያት ጾምም ስለ መርፌዬ ፈቱኝ፤ በጠዋት እህል መቅመስ አለብኝና። ባለፈው እሑድ ቅጥር ገብቼ አስቀደስኩ።

ሁሉ ነገር ሸጋ ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። እትዬ አየለች እስካሁን አላነጋገረችኝም። ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ሊሰሙ ሲመጡ ሰውአገኝ፣ «በሽታ ነበር፣ ታክማለች፤ ሌላ ነገር የለም» ብሎ መለሳቸው። ለእኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልመለሰልኝም። ቤት ገብቷል፤ የሚተኛው ከወዲያኛው መደብ ነው። ሳንጃ እንዴት እንደከረመ ልጠይቀው አንድ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተውኩት። አሁን ብጠይቀው አለማመኔ ይሆናል። ያኔ አለመጠየቄ ነው ጥፋቱ።

አንቺንም አስቤሻለሁ። ሳህንሽን የለዩብሽን ሳነብ ልቤ ነደደ። ቆሻሻ አልነበርሽም እታለም። ይህን የሚነግርሽ ሰው ሳይኖር ሰባት ዓመት መኖርሽ ነው ያስለቀሰኝ። ቂሜን ጥዬዋለሁ፤ አንቺም ጣይው።

ዛሬ ጠዋት መርፌዬን ከአሸዋው አውጥቼ ሳዘጋጅ ሰውአገኝ ወደ እርሻ ሊወጣ በሩ ላይ ቆመ። ወትሮ ምን ላምጣ፣ በጎቹን ማን ያወጣል ብሎ ነው የሚሄድ። ዛሬ ጀርባውን ሰጥቶኝ እንደቆመ፣ «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

ደህና ነኝ ልል ነበር፤ የለመድኩት እሱን ነው።

«ዛሬ አላሳከከኝም» አልኩት። «ትናንት ግን ትንሽ አቃጥሎኝ ነበር።»

ዞሮ አየኝ። ከተጋባን አሥር ዓመታችን ነው፤ ስለ ገላዬ እውነቱን ስነግረው ግን የመጀመሪያዬ ነው። «እሺ» አለና ወጣ።

በሄድሽበት ሁሉ እመብርሃን ትቅደምልሽ።

ታናሽሽ የትነበርሽ